ሂክማ የተሳፈረችበት ገጽ

የማኅበራችን ወርኃዊ መጽሔት አራት ገጽ ናት። የመጀመሪያው ገጽ የአባላት ዜና ነው፤ ሁለተኛው አዲስ ሥራዎች፤ ሦስተኛው ጥሪዎችና የውድድር ቀኖች። አራተኛው ለጸሐፊ ይጠቅማል ያልነውን ሁሉ የምናጉርበት ነው፦ የትኛው ቤተ መጻሕፍት እሑድ እንደሚከፍት፣ ወረቀት ከየት እንደሚገኝ፣ ብዕር የሚጠግን ሰው ገና መኖሩንና አለመኖሩን፣ ቢሮው ያወጣቸውን አዳዲስ ደንቦች። ይህን ሥራ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቼዋለሁ። በጥቅምት 2071 ዓ.ም. እትም አዲስ ሥራዎች በሚለው ገጽ ላይ አሥራ አንድ ርእሶች አስፍሬ ነበር። ከአሥራ አንዱ ደራሲዎች አሥሩ በሕይወት የሉም። አሥራ አንደኛዋ ኢክራም ናት፤ እሷም በዚያ ወር ብዕር መጨበጥ አትችልም ነበር።

ደሴ ውስጥ ይህ ማንንም አያስደንቅም። የተመዘገበች ጸሐፊ ስትሞት፣ አርባዋ ሳይወጣ የምዝገባ ቢሮው ቀጣይዋን፣ ጽሑፎቿን ሁሉ የተማረች ማሽን፣ ይከፍትላታል፤ ቀጣይዋም በእሷ አጻጻፍ መጻፏን ትቀጥላለች። ቤተልሔም ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በእነዚህ ዘጠኝ ዓመታት አሥራ አራት ልብ ወለድ አውጥታለች። በሕይወት ሳለች የጻፈችው ሁለት ነበር፤ ሁለተኛው አሥራ አንድ ዓመትና አንድ ትዳር ፈጅቶባታል።

ስብሰባችን ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት፣ ፒያሳ ካለው ቤተ መጻሕፍት ጓሮ ባለችው ክፍል ነው። መዝገባችን ላይ አሥራ ዘጠኝ አባላት አሉ። በአሥራ ስድስቱ ወንበሮች ላይ አንድ አንድ ሣጥን ተቀምጧል፤ የእንጀራ ሌማት ክዳን የማታክል፣ ፊቷ በወንፊት የተሸፈነ፣ የሟቿ ቀጣይ የምትናገርባት ሣጥን። ሻይ የምንጠጣው ሦስት ነን፦ ሊቀመንበራችን ሄርሜላ፣ ኢክራምና እኔ። እኔ ሶልያና እባላለሁ። የማኅበሩ ጸሐፊ ነኝ።

ማኅበሩ ሲቋቋም የተተከለ አንድ ልማድ አለን። ማንም የራሷን ጽሑፍ አታነብም። በግራዋ የተቀመጠችው ታነብላታለች። ከሚያዳምጡት አንዷ የማታምነው ዓረፍተ ነገር ሲገጥማት «አላመንኩሽም» ትላለች። ንባቡ ይቆማል። ጸሐፊዋ ከሁለት አንዱን ትመርጣለች፦ ወይ ዓረፍተ ነገሩ ከየት እንደመጣ ትናገራለች፣ ወይ ትሰርዘዋለች። ሦስተኛ ምርጫ የለም።

አንድ ጊዜ ሄርሜላ ባሏ የሞተባት ሴት ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ ስላደረችበት ገጽ ጻፈች። ኢክራም ሻይዋን ፉት እያለች፣ «ወላሂ አላመንኩሽም» አለቻት። ሄርሜላ ባሏን ከቀበረች ሁለት ወሯ ነበርና ፊቷ ተለዋወጠ። ለመነሳት ቦርሳዋን ሁሉ አንስታ ነበር። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠችና፣ «ተኛሁ» አለች። «ያን ሌሊት እንደ ሕፃን ነው የተኛሁት። በዓመቴ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም። ስነቃ ነው የፈራሁት።» ይህንን ጻፈችው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ የተሻለ ነገር አልጻፈችም፤ ራሷም ታውቀዋለች።

ሣጥኖቹም ልማዱን ያውቁታል። «አላመንኩሽም» ሲባሉ፣ «ልክ ነሽ፣ ይቅርታ፤ እንዲህ ቢሆንስ?» ይሉና ሌላ ዓረፍተ ነገር ይሰጣሉ። አሁንም አላመንኩሽም ከተባሉ ሌላ ይሰጣሉ። ኢክራም አንድ ቅዳሜ የቤተልሔምን ሣጥን አሥራ ሰባት ጊዜ አላመንኩሽም አለቻት። አሥራ ሰባቱንም ጊዜ ይቅርታ ተጠየቀች። በመጨረሻ ተነሥታ ሣጥኑን ወደ ግድግዳው አዞረችው።

«ቤቲ ብትሆን በሦስተኛው ብርጭቆ ትወረውርብኝ ነበር» አለች።

ኢክራም በሕይወቷ የጻፈችው አንድ መጽሐፍ ነው፤ እሱንም ሠላሳ አንድ ዓመት። ስለ እኅቷ ስለ ሂክማ ነው። ሂክማ በ2019 ዓ.ም. በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ የእናቷን አረንጓዴ ሻሽ አድርጋ ከደሴ መናኸሪያ ተሳፈረች። ጉዞዋ በባቲ በኩል ወደ ባሕሩ፣ ከዚያም ወደ ዓረብ አገር ነበር። ኢክራም የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆና ሸኘቻት። ከዚያ ወዲህ ስልክ የለም፣ መልእክት የለም፣ አየኋት የሚል ሰው የለም። እናታቸው ስልኩን ጡቷ ሥር ይዛ ነው የሞተችው። የመጽሐፉ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር፣ «መስኮቱ አይዘጋም አለችኝ» ይላል። ከሥሩ በኢክራም እጅ «እዚህ ያበቃል» ተብሎ ተጽፏል።

ከብዙ ዓመት በፊት፣ ለምን አትጨርሺውም ብዬ ጠይቄያት ነበር።

«ጨርሼዋለሁ እኮ» አለችኝ።

«አውቶቡስ ላይ ወጥታ ተቀምጣ?»

«ሶሊ፣ ከዚያ ወዲያ የማውቀው ነገር የለም። ሞተች ብዬ ብጽፍ የገደልኳት እኔ ነኝ። መጣች ብዬ ብጽፍ ደግሞ በእናቴ ላይ ነው የቀለድኩት። ያየሁት መስኮቱን ነው። እሱን ጻፍኩ።»

ሐምሌ ላይ ኢክራምን ስትሮክ መታት። ቀኝ እጇ ደርቆ ቀረ። ምላሷም ታሰረ፤ ከተረፉላት ቃላት «ውሃ» እና «አይ» የሚሉት ብቻ ይሰሙ ነበር። ልጇ ፈቲያ ሥራዋን ትታ ልታስታምማት ገባች።

በደንቡ መሠረት ዘጠና ቀን ዝም ያለች ጸሐፊ በሕይወት ብትኖርም ቀጣይዋ ይከፈታል። ዘጠና ቀኑ በጥቅምት አጋማሽ ይሞላ ነበር። ከዚያ በኋላ በሚመጣው ቅዳሜ ኢክራም ቧንቧ ውሃ ሰፈር አልጋዋ ላይ ተኝታ ሳለ፣ ሣጥኗ በወንበሯ ላይ ተቀምጣ ታወራለች ማለት ነው። እኔም ሻይ ቀድቼ ሣጥኗን እንዴት አደርሽ ልላት ነው። መውጫው አንድ ብቻ ነበር፦ የማኅበሩ ጸሐፊ በአባላት ዜና ላይ «እየጻፈች ነው» ብላ ካሰፈረችና አንድ አዲስ ገጽ ካያያዘች፣ ዘጠናው ቀን እንደገና ይቆጠራል።

እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ኢክራም እየጻፈች ነው ብዬ አሰፈርኩ። ገጹንም ራሴ ጻፍኩት።

ስለ ሌላ ነገር ብጽፍ አጻጻፍ የሚያመሳክረው የቢሮው መርማሪ የሷ አይደለም ይለኛል፤ ከሂክማ በቀር የጻፈችው የላትም። ስለዚህ አውቶቡሱን አስነሳሁት። ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል ወረደ። ነፋሱ በማይዘጋው መስኮት ገባ። ባቲ ሲቆሙ ሂክማ አንድ ብርቱካን ገዛች፤ ልጣጩን ሳትበጥስ በአንድ ክር ልጣ በልታ፣ ልጣጩን በሻሹ ጫፍ ቋጠረችው። በቃ፣ ይኸው ነው። አንድ ገጽ አይሞላም። ማንም አልሞተም፣ ማንም አልተመለሰም።

ሃያ ስድስት ዓመት በቀኟ ተቀምጬ ጽሑፌን አንብባልኛለች። በግራዋ የምትቀመጥ ሳትመጣ ስትቀር ደግሞ እኔ ዞሬ የእሷን አነብ ነበር፤ የት እንደምትተነፍስ አውቃለሁ። የት ላይ ቃል እንደምትቆጥብ አውቃለሁ። ሳይከብደኝ ጻፍኩት፤ ደስ እያለኝ ጻፍኩት። ይህን ማለት ያሳፍረኛል፤ በሕይወቴ ከጻፍኳቸው ገጾች ሁሉ ጥሩው እሱ ነው።

በስብሰባው ቀን ሄርሜላ አነበበችው። ብርቱካኑ ጋ ስትደርስ ቆም ብላ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቀለችና አየችኝ። ከሣጥኖቹ አንዱም ምንም አላለም። እኔም ሻዬን አማሰልኩ። ልማዱ ምን እንደሚያዝ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ሄርሜላ መነጽሯን መለሰችና እስከ መጨረሻው አነበበች። መርማሪው በማግሥቱ መልስ ላከ፦ ከመቶ ዘጠና ስምንት እጅ የጸሐፊዋ ነው።

ኅዳር በገባ በአምስተኛው ቀን ከቢሮው ሌላ መልእክት መጣ። አጭር ነበር። ደራሲዋ ራሷ ያቆመችውን «እዚህ ያበቃል» የሚል የማብቂያ ምልክት ራሷ ስላለፈችው፣ ምልክቱ ከእንግዲህ እንደማይጸና፤ ቤተሰብ ከፈቀደም መጽሐፉ በቀጣይ እንደሚጠናቀቅ ያስታውቃል።

ማንም የማይነካው ለዓመታት የጸና ምልክት ነበር። ሟች ብትሆን እንኳ አይነካም ነበር። የሚያፈርሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የራሷ እጅ። እኔ የራሷን እጅ ሰጠኋቸው። ደንቡን አላውቅም ነበር እንዳልል፣ በ2064 የግንቦት እትም አራተኛው ገጽ ላይ፣ ከወረቀት መሸጫው አድራሻ ዝቅ ብሎ፣ ያተምኩት እኔ ነኝ።

ለፈቲያ ደወልኩ። ድምፅዋ ከወራት በኋላ ቀለል ብሎ ነበር።

«ፈቀድኩላቸው እኮ፣ እትዬ ሶሊ» አለችኝ።

«ለምን? እናትሽ አትፈልግም ነበር እኮ።»

«እኔም እንደሱ ነበር የሚመስለኝ። ግን ራሷ ጀምራው የለ? የብርቱካኑን ገጽ ሳይ አለቀስኩ። በዚያ በታመመ እጇ፣ ለኔ ሳትነግረኝ… መጨረስ ፈልጋ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

መጽሐፉ በዘጠኝ ቀን አለቀ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ነው። ሰው ወደደው። የቤተ መጻሕፍቱ ዘበኛ እንኳ በስልኩ እያዳመጠው በር ላይ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ። እኔ የመጨረሻውን ምዕራፍ ብቻ ነው ያነበብኩት። ሂክማ በሰባ አንድ ዓመቷ፣ በዝናብ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለውን በር ታንኳኳለች። ኢክራም ትከፍታለች። ሂክማ አረንጓዴውን ሻሽ ፈታ የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ ታወጣለች፤ በአንድ ክር የተላጠ፣ ያልተበጠሰ። በዚያ ይተዋወቃሉ።

ጥሩ ምዕራፍ ነው። ልጣጩን ያለቦታው አልጣሉትም። እኔም ብሆን እዚያው ነበር የማወጣው።

በታኅሣሥ መጽሔት የመጀመሪያ ገጽ ላይ እርማት አዘጋጀሁ፦ «በጥቅምት እትም በኢክራም ስም የቀረበው ገጽ የኢክራም አይደለም። የጻፈችው የማኅበሩ ጸሐፊ ሶልያና ናት።» ይህ ከታተመ ምልክቱ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ መጽሐፉም በአንድ ቀን ውስጥ ከያለበት ይሰበሰባል። እኔ ከማኅበሩ እሰረዛለሁ፣ ይገባኛልም። ግን ከሁሉ በፊት ለኢክራም በራሴ አፍ ልነግራት ፈለግኩ። ከመጽሔት ላይ እንድትሰማው አልፈለግኩም።

ረቡዕ ጠዋት ሄድኩ። የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ አይታይም ነበር፤ መንገዱም ከአሥር እርምጃ ወዲያ አይለይም። ፈቲያ በሩን ከፈተችልኝ። አልጋው ቦታ ቀይሯል። ድሮ በመስኮቱ በኩል ነበር፤ አሁን ኢክራም በትራስ ተደግፋ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ተቀምጣለች። አጠገቧ ባለው በርጩማ ላይ ሁለት ብርጭቆ ሻይ አለ። አንዱ ተጠጥቷል። ሌላው ሙሉ ነው፣ ቀዝቅዟል።

ፈቲያ ወደ ጓዳ ስባ ወሰደችኝ።

«በየጠዋቱ አንድ አንድ ምዕራፍ ሳነብላት ነው የከረምኩት» አለች በሹክሹክታ። «ሃያኛው ላይ ስንደርስ ‹እኅቴ› አለች። ሰማሽ? ከሐምሌ ወዲህ ያላለችውን። ከዚያ በየቀኑ አንድ ሁለት ቃል ይጨምራል። ሐኪሙ ራሱ ገርሞታል፤ ምን እየሰጣችኋት ነው ብሎ ጠየቀኝ። ትናንት ጨረስነው።»

«አለቀ?»

«አለቀ። ብርቱካንም ገዝቼላት ነበር፤ ስታነቢ እንደሚያምርሽ ዓይነት ነገር። እንዳትስቂብኝ።»

እንድትወጣልን ለመንኳት። ዳቦ ልግዛ ብላ ወጣች።

ኢክራም በግራ እጇ ጠራችኝ። በወንበሩ ተቀመጥኩ፤ በቀኟ በኩል፣ እንደ ቅዳሜው። ከስታለች። ዓይኖቿ ግን የድሮዎቹ ናቸው፤ ያንን ዓይን እየፈራሁ ነው ሃያ ስድስት ዓመት የጻፍኩት።

«ሶሊ» አለችኝ። ስሜን ከአፏ ከሰማሁ አምስት ወሬ ነበር።

«ወዬ፣ ኢኩዬ።»

«መጣች።» ቃሉን በጥርሷ እየገፋች ነው ያወጣችው። በአገጯ ሙሉውን ብርጭቆ አሳየችኝ። «ወጣ… ብላለች። ትመለሳለች።»

ያለ የሌለ አቅሜን ሰብስቤ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ዘጠና ቀኑን ነገርኳት። ሣጥኗ ወንበሯ ላይ እንዳትቀመጥ ብዬ መሆኑን ነገርኳት። ገጹን የጻፍኩት በቤቴ፣ በማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት መሆኑን ነገርኳት። አውቶቡሱን ያስነሳሁት እኔ ነኝ አልኳት። የቀረውን ቀጣይዋ ጻፈችው፤ ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ሁሉ አንቺ ያየሽው አይደለም፣ ማንም ያየው አይደለም አልኳት። ማልቀስ አልፈለግኩም ነበር፤ አለቀስኩ።

«ሂክማ አልመጣችም፣ ኢኩ» አልኳት። «ይቅር በይኝ። ብርቱካኑን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ሳታቋርጥ፣ ዓይኗን ሳትነቅል፤ ጽሑፍ ሲነበብ እንደምታዳምጠው። ከዚያ ግራ እጇን ቀስ ብላ ከትራሱ ሥር አስገባች። ስታወጣው በአንድ ክር የተላጠ፣ ጫፉ መድረቅ የጀመረ ልጣጭ ይዛ ነበር። መዳፌን ገልብጣ በመዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝና በጣቶቿ ዘጋችብኝ። ለሚያዝኑለት ሰው እንደሚደረግ።

«አላመንኩሽም» አለችኝ።

ይህኛው ቃል አልተሰባበረም። ጥርት ብሎ፣ በድሮው ድምፅዋ ነው የወጣው።

ከየት እንደመጣ ተናግሬ ጨርሻለሁ። ፈቲያ ዳቦውን ይዛ ገባች። ኢክራም የበሩን ድምፅ ስትሰማ ከትራሷ ቀና አለች፤ ልጇ መሆኗን ስታይ ተመልሳ ተደገፈች። ፈቲያ የቀዘቀዘውን ሻይ ደፍታ ትኩስ ቀዳችበት። እኔን እንዳላየች ሆና ነው የቀዳችው፤ በየስንት ሰዓቱ እንደምትቀይረው አልጠየቅኳትም።

ከሰዓት በኋላ ቤቴ ተመልሼ የታኅሣሥን እትም ከፈትኩ። እርማቱ በመጀመሪያው ገጽ ላይ እንዳለ ነበር። የማኅበራችን ደንብ ግልጽ ነው፤ ሁለት ምርጫ እንጂ ሦስተኛ የለውም። ሰረዝኩት።

ቦታው ባዶ ሆኖ መውጣት ስለማይችል በምትኩ አንድ መስመር አስገባሁ። ውሸት የለበትም። ሄርሜላም ስታነበው አላስቆመችኝም።

የአባላት ዜና፦ እኅታችን ኢክራም መናገር ጀምራለች።